ከድንጋዩ በታች ያለው መሬት፦ ግቢያችሁን ከማንጠፋችሁ በፊት የሚነበብ ታሪክ



እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ብዙዎቻችሁ ግቢ ማስተካከል ትጀምራላችሁ። አይሱዙው እስከ መጋዘኑ ደጃፍ ይግባ፣ ባጃጁ በሐምሌ ጭቃ አይያዝ፣ ወተት ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ አይጥራን ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። የምትጠይቁን ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ስንት ቢያጆ ድንጋይ ይበቃል? በሲሚንቶ ይሁን ወይስ በአሸዋ? ኮብል ይሻላል ወይስ ጠፍጣፋ ድንጋይ? ከሥር ስላለው አፈር የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም የለም። ሁለት ክረምት ሳይሞላው የሰመጠና የተቆለመመ ንጣፍ ስታዩ ጥፋቱን ድንጋዩ ላይ ወይም ግንበኛው ላይ ትጥላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሁለቱም በታች ነው።

ስለዚህ ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አናወራም። ሰው ይህንን ነገር እንዴት እንደተማረ፣ ስንት ጊዜም እንደረሳው እናወራለን። ታሪኩ ከሩቅ አገር ተነሥቶ እናንተው ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ግን አውድማችሁን አስቡ። አውድማ ስትመርጡ ጎድጓዳ ቦታ ትመርጣላችሁ? አትመርጡም። ነፋስ የሚያገኘው፣ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ዝናብ ቢመጣ ውሃ የማያቁር ቦታ ነው የምትፈልጉት። ሣሩን ከነሥሩ ትልጣላችሁ፣ ጉብታውን ትቆርጣላችሁ፣ ጎድጓዳውን ትሞላላችሁ፣ ታርከፈክፋላችሁ፣ ትረግጣላችሁ፣ በመጨረሻ በእበት ትለቀልቃላችሁ። እበቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሥሩ ሳይዘጋጅ እበት ብቻ ቢቀባ በመጀመሪያው የበሬ ኮቴ እንደሚፈርስ ልጅም ያውቃል። እንግዲህ መንገድም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ከላይ በእበት ፈንታ ድንጋይ መሆኑ ነው።

ሮማውያን ይህን ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት መሥራት የጀመሩትና ከሮም ወደ ደቡብ የሚሄደው የአፒያ መንገድ እስከ ዛሬ በከፊል ይታያል። ለስላሳውን አፈር አንሥተው ጠንካራው ላይ ይደርሱ ነበር፤ ከዚያ በንብርብር ይሞላሉ፤ መሐሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በግራና በቀኝ ቦይ ይቆፍራሉ። ከሮም መንግሥት ውድቀት በኋላ ግን አውሮፓ ይህን ዕውቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ረሳችው ማለት ይቻላል።

በእንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 1563 ጀምሮ እያንዳንዱ የገጠር ነዋሪ በዓመት ስድስት ቀን ያለ ክፍያ መንገድ ላይ እንዲሠራ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የዘመቻ ሥራ ነው። ሥራውም ምን ነበር? ጉድጓድ በታየበት ድንጋይና አፈር መድፋት። ክረምት ሲመጣ የተደፋው ሁሉ ተመልሶ ይሰምጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይደፋል። ጉልበት ስላነሰ አይደለም መንገዱ ያልተሠራው። ሰዎቹ ውሃውን ሳያስወጡ ድንጋይ ይጨምሩ ስለነበር ነው።

በፈረንሳይ ነገሩ የተለወጠው ነፃ ጉልበት ሲቀር ነው። በሊሞዥ አውራጃ በ1760ዎቹ የግዳጅ የመንገድ ሥራ እንዲቀር ሲደረግ፣ ፒየር ትሬሳጌ የሚባለው መሐንዲስ በትንሽ ወጪ የሚቆይ መንገድ ማሰብ ግድ ሆነበት። ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ከሥር ያለውን መሬት ሜዳ አድርገው ከላይ ብቻ ጎበጥ ያደርጉት ነበር። እሱ ግን የሥሩን መሬት ራሱን ልክ እንደ ላዩ አጎበጠው። ውሃ በድንጋዩ መሐል ሾልኮ ቢወርድ እንኳ ከሥር ተዳፋት አግኝቶ ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ አይተኛም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ግቢያችሁ ላይ እንመለስባታለን።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በሰሜን እንግሊዝ የነበረው ጆን ሜትካፍ ነው። በ1717 ተወለደ፤ በስድስት ዓመቱ ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፋበት። ማሲንቆ እንደሚመቱት የእኛ ሰዎች ቫዮሊን እየተጫወተ ኖረ፤ ፈረስ ነገደ፣ ዕቃ አመላለሰ። በ1765 የመጀመሪያውን የመንገድ ሥራ ኮንትራት ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጠቅላላው ወደ 290 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ሠራ። ዓይነ ስውር እንዴት መንገድ ይሠራል ትሉ ይሆናል። መሬቱን በረጅም በትሩ እየወጋና በእግሩ እየረገጠ ነበር የሚያጠናው። ዓይን ያለው ሰው ሣሩን ያያል፤ እሱ ግን ከሥር ያለውን ልስላሴ በበትሩ ያገኘዋል።

አንድ ቦታ መንገዱ ረግረግ ላይ ደረሰ። የሚያዩት ሰዎች እዚህ የሚደፋ ድንጋይ ሁሉ ይዋጣል አሉ። ሜትካፍ ከዚያው ከኮረብታው ቁጥቋጦ አስቆርጦ በነዶ በነዶ አሳሰረ፤ ነዶዎቹን ረግረጉ ላይ ጎን ለጎን ደረደረ፤ ሌላ ረድፍ ደገመበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ድንጋይና ጠጠር የጫነበት። መንገዱ እንደ ታንኳ ረግረጉ ላይ ተንሳፈፈ። አልሰመጠም። ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ከማረፍ ይልቅ በሰፊው ተከፋፈለ፤ ጭቃውም ወደ ድንጋዩ እንዳይወጣ ነዶው ከለከለው። ዛሬ መሐንዲሶች ለዚሁ ሥራ ከፋብሪካ የወጣ ጨርቅ ያነጥፋሉ።

ከእሱ በኋላ ሁለት ስኮትላንዳውያን መጡ። አንዱ ቶማስ ቴልፎርድ ነው፤ በ1757 የተወለደ የእረኛ ልጅ፣ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ የጀመረ። ሌላው ጆን ላውደን ማካዳም ነው፤ በ1756 የተወለደ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ በንግድ ገንዘብ ይዞ የተመለሰ። ሁለቱም ውሃ የመንገድ ጠላት መሆኑን ተስማምተዋል። ድንጋዩ ላይ ግን ተለያዩ።

ቴልፎርድ ከሥር ትላልቅ ድንጋዮችን በእጅ እያቆመ አስደረደረ፤ ክፍተቱን በትናንሽ ድንጋይ አስጠቀጠቀ፤ ከዚያ ጠጠር አለበሰ። ጠንካራ ነው፣ ግን ውድ ነው። ማካዳም ደግሞ ትልቁ ድንጋይ ጭራሽ አያስፈልግም አለ። በ1816 የብሪስቶል መንገዶች ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ሐሳቡን በሥራ አሳየ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ የሠረገላውን ክብደት የሚሸከመው የተፈጥሮው አፈር ነው። አፈሩ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ የተጫነበትን ሁሉ ሳይሰምጥ ይችላል። ከላይ የሚደረገው ድንጋይ ለአፈሩ እንደ ቤት ክዳን ነው፤ ሥራው ዝናብ እንዳይገባ መከልከልና አፈሩ እንዳይፋቅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ መንገዱ ከዙሪያው ከፍ ይበል፣ ቦይ ይኑረው፣ ከዚያ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተፈለጠ ጠጠር ይበቃዋል።

ጠጠሩ ሲፈለጥ አንዱ ፍሬ ከ170 ግራም እንዳይበልጥ አዘዘ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች በመንገድ ዳር ተቀምጠው በትንሽ መዶሻ ይፈልጡት ነበር። ክብ የወንዝ ጠጠር አይሆንም፤ የተፈለጠና ማዕዘን ያለው መሆን አለበት፣ እርስ በርሱ እንዲነካከስ። አፈር እንዳይቀላቀልበትም አጥብቆ ከለከለ፤ አፈር ውሃ ይይዛላ! መሐሉ ከዳሩ የሚበልጠውም ትንሽ ነው፦ 9 ሜትር ያህል ስፋት ባለው መንገድ ላይ 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ። ከዚህ በላይ ቢያጎብጡት ሠረገላው ሁሉ መሐሉን ብቻ እየሄደ ያበላሸዋል ይል ነበር።

የማካዳም መንገድ ርካሽ ስለነበር ዓለምን ያዘ። እኔ ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ደህና የሚያስወጣ አፈር ላይ ማካዳም ያሸንፋል፤ ልል መሬት ላይ ግን የቴልፎርድ ድርድር ወይም የሜትካፍ ነዶ ያስፈልጋል። ሁለቱም ስኮትላንዳውያን ግን የእኛን መረሬ አላዩም።

ወደ አገራችን እንምጣ። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል ይዘው ነበር። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። አንድ አይሱዙ በአንድ ጊዜ የማይደፍረውን ጭነት ማለት ነው፣ ያውም አንድ ላይ የተቀለጠ ብረት። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ነው የሄዱት። አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡና መሬት ሲቆፍሩ ማየታቸውን መስክረዋል። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ጠርበው፣ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። እነሱን ሊወጋ የመጣው የናፒየር ጦር ራሱ ንጉሡ ያስጠረጉትን የገደል መንገድ ተጠቅሞበታል።

ወራቱን ግን ልብ በሉ። ጥቅምት ተነሥተው መጋቢት ደረሱ። ይህ ሁሉ በጋ ነው። ደላንታን የምታውቁ ሰዎች ያ ሰፊ ሜዳ ዋልካ መሆኑን ታውቃላችሁ። ያንን መድፍ በሐምሌ ደላንታ ላይ ለማንቀሳቀስ መሞከር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሚያዝያ ላይ ድንጋይ የሚመስለው አፈር ሐምሌ ላይ እንደ ሊጥ ነው። ማካዳም በመጽሐፍ የጻፈውን እነዚያ ሰዎች በትከሻቸው ያውቁት ነበር።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መጣ፤ ዛሬ ሮሎ የምንለው ዓይነት። ያመጣው አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ነው፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። ተሰብሮ የቆመበት ሰፈር እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። ሰዎች ይህን ስም እንደ ቀልድ ያነሡታል፣ ማሽኑ የመጣበት ምክንያት ግን ቁም ነገር ነው። በአፈርና በጠጠር መሐል ባዶ ቦታ ካለ ዛሬ አየር የያዘውን ቦታ ነገ ውሃ ይገባበታል። መዳመጥ ማለት ያንን የውሃ ቤት አስቀድሞ መዝጋት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን የሠራቸውን መንገዶች ብዙ ሰው ስለ አስፋልታቸው ያወራል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አሮጌው የደሴ መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር በኩል፣ ወይም ሊማሊሞ ላይ ብትሄዱ በድንጋይ የተገነቡትን ትናንሽ የውሃ መተላለፊያዎች ተመልከቱ። ከሥር እንደ ቴልፎርድ ትልልቅ ድንጋይ በእጅ ተደርድሯል። ይህን ሁሉ ድንጋይ ከፈለጡትና ከተሸከሙት መሐል ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ላዩ አስፋልት ስንት ጊዜ ተልጦ ስንት ጊዜ ተለብሷል፤ የውሃ መተላለፊያዎቹ ብዙዎቹ አሁንም ቆመዋል።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራ ሌላ ጊዜ ይጻፋል። በ2000ዎቹ ደግሞ ሁለት ነገሮች ወደ ደጃችን መጡ፦ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው የዩራፕ መንገድና በየከተማው የተነጠፈው ኮብልስቶን። ኮብሉ ብዙ ወጣት አስጠርቦ፣ አስነጥፎ እንጀራ ሰጥቷል። ሲነጠፍ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት ስንት ቀን እንደተቆፈረ፣ ገረጋንቲ እንደተሞላና እንደተዳመጠ ታስታውሳላችሁ። ወደ ግቢያችን ስንወስደው ግን ያንን ክፍል ትተን ድንጋዩን ብቻ ወሰድነው።

አሁን መረሬ ላይ እንድረስ። በአገራችን መረሬ፣ ኮትቻ ወይም ዋልካ የሚባለው አፈር ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። ባሕሪው ይታወቃል፦ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ድንጋይ ስትጭኑበት የሚሆነው እንዲህ ነው። ከንጣፉ መሐል በታች ያለው አፈር ከፀሐይም ከዝናብም ስለተጠለለ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ዳር ያለው ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ንጣፉ መጀመሪያ የሚበላሸው ከዳር ነው፤ ከዳር የተቆለመመው ስንጥቅ ውሃ ያስገባል፣ ከዚያ መሐሉም ይከተላል። በቅርብ ባሕር ዛፍ ካለማ ይብሳል፤ ሥሩ የአንዱን ጎን እርጥበት እየመጠጠ ንጣፉን ወደዚያው ያዘምመዋል።

ይህን አፈር እንዴት መግራት እንደሚቻል ደግሞ ያሳዩን መሐንዲሶች አይደሉም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ አርሶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋፊ መደብና ፈሰስ ይሠሩ ነበር፤ ሴቱም ልጁም ይሳተፍበታል። በሌላም ቦታ ሹሩቤ አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ሁለት ማረሻ አጣምረው ቢቢኤም የምንለውን መሣሪያ አወጡ፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ፈሰስ። ስንዴው ከፍ ባለው መደብ ላይ ይቆማል፣ ትርፉ ውሃ በፈሰሱ ይወጣል። እስቲ ከላይ ሆናችሁ እዩት፦ መሐሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ቦይ ያለው። ይህ እኮ የማካዳም መንገድ ነው! ልዩነቱ አንዱ ላይ ሠረገላ መሄዱ፣ ሌላው ላይ ስንዴ መብቀሉ ነው። መረሬ ላይ ቢቢኤም የሚያወጣ ሰው ግቢውን ለማንጠፍ የሚጎድለው ዕውቀት የለም።

ስለዚህ ወደ ግቢያችሁ እንግባ።

ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አንሡት። ሥርና ብስባሽ ያለበት አፈር ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ይወርዳል፤ ለንጣፍ መጥፎ ነው። ለጓሮ ግን ወርቅ ነው፤ ጎመኑ መደብ ላይ አውጡት እንጂ ከድንጋይ ሥር አትቅበሩት። ቀዩ መሬት ላይ ከሆናችሁ ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ ደህና አፈር ታገኛላችሁ። መረሬ ላይ ከሆናችሁ ግን ከተቻለ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ አውጥታችሁ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ቁፋሮው ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ አትቆፍሩ፤ እንደ ሰፊ መደብ በገረጋንቲ ከዙሪያው ከፍ አድርጉት። ግማሽ መንገድ ቆፍሮ መተው የከፋ ነው፤ መረሬ ውስጥ የተቆፈረ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ገረጋንቲ ሞላችሁትም አልሞላችሁትም ያው ኩሬ ነው፤ ለዚህ ነው ቁፋሮው ከአንድ ጎን ወደ ቦይ መውጫ ሊኖረው የሚገባ።

ከዚያ ተዳፋቱን ያዙ። እዚህ ላይ የተፋሰስ ሥራ ላይ እርከን የምንቀይስበት ገመድና ውሃ ልክ ይበቃችኋል፣ ሌላ መሣሪያ አያሻም። ድንጋይ ሸካራ ስለሆነ ከማካዳም ትንሽ ከፍ እናድርገውና ለእያንዳንዱ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 4 ሜትር ስፋት ላለው መግቢያ መሐሉ ከዳሩ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። ቤት ወይም ጎተራ ከጎኑ ካለ ማጎበጡን ተዉትና ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከግድግዳው አርቃችሁ አዘንብሉት። ትሬሳጌን አስታውሱ፦ ይህ ተዳፋት የሚሠራው አፈሩ ላይ ነው። ብዙ ግንበኞች አፈሩን እንዳለ ትተው ከላይ በአሸዋ ያስተካክሉታል፤ አንድ ቦታ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላ ቦታ 12 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይሆናል። አሸዋው የበዛበት ቦታ ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይከተለዋል።

ገረጋንቲውን በአንድ ጊዜ አትድፉት። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ፣ እያርከፈከፋችሁ፣ በመጠቅጠቂያ ምቱት፤ ከዚያ ሌላ ንብርብር። በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልታችሁ እንጨት እጀታ ብትተክሉበት መጠቅጠቂያ ይወጣዋል። እርጥበቱን በእጅ ለኩ፦ አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘና መዳፋችሁን ካላራሰው ልክ ነው። ሲጨርሱ ደግሞ እንደ ሜትካፍ በትር ያዙና ውጉት። ወይም የተጫነ ጋሪ በቀስታ አሳልፉበት፤ ጎማው የሚሰምጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ቆፍራችሁ ቀይሩት። ለስላሳ ቦታ በድንጋይ አይሸፈንም።

የወራት ነገርም አለ። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ሚያዝያ ላይ ትሠሩታላችሁ፣ ጊዜ የምታገኙት ያኔ ስለሆነ። ለቀይ መሬት ችግር የለውም። መረሬ ግን ሚያዝያ ላይ የተሰነጠቀ፣ የተጠማ አፈር ነው፤ እንዳለ ደፍናችሁት ሐምሌ ሲመጣ አብጦ ንጣፉን ያነሣዋል። ለእሱ የሚሻለው ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ገና ለስለስ ሲል ነው። ከአጨዳ ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ። ካልሆነላችሁ ስንጥቆቹን አፈር ሙሉ፣ ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ ውሃ አጠጡት፣ ከዚያ ጀምሩ።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱም ጎረቤት ነው። 10 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ንጣፍ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ እስከ 1,200 ሊትር ውሃ ነው፤ 60 ጀሪካን በባለ 20 ሊትሩ። ድሮ ግማሹን መሬቱ ይጠጣው ነበር፣ አሁን አይጠጣውም። ጣሪያው ሲጨመርበት አስቡት። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አዳዲስ መንገዶች በተሠሩበት አካባቢ ከቱቦው የወጣው ጎርፍ ማሳ እየሰነጠቀ ቦረቦር ሲያወጣ ታይቷል፤ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የወጣ ውሃ ተበትኖ ከሚወርደው ይበልጥ ይቆርጣልና። በኋላ ትግራይና አማራ ክልል ውስጥ ያንኑ የመንገድ ውሃ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ መምራት ተጀመረ፤ ጎርፉ መስኖ ሆነ። በግቢ መጠንም ይቻላል። ቦያችሁ የጎረቤት ድንበር ላይ አይብቃ። ወደ ጌሾው፣ ወደ ሙዙ ወይም ወደ ፍራፍሬው ጉድጓድ ምሩት፤ መውደቂያውን ድንጋይ አልብሱት፤ ትርፉ የሚወጣበትን ከጎረቤታችሁ ጋር ቆማችሁ ተነጋገሩበት፣ ቁፋሮው ሳይጀመር።

ገረጋንቲውን ሞልታችሁ ድንጋይ መግዣ ከአለቀባችሁ አትጨነቁ፤ አንድ ክረምት ሳይነጠፍ ይቆይ። እንዲያውም ይሻላል። የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲያባራ ውጡና ውሃ ያቆረበትን ቦታ ሁሉ ቸካል ትከሉበት። ጥቅምት ላይ ቸካሎቹን እየነቀላችሁ ያንን ቦታ ብቻ ሙሉና ጠቅጥቁ፤ ድንጋዩን ከዚያ በኋላ አምጡት።